ያልተቆጠረ ዝምድና፦ የናስና የዴሚየን ማርሊ የጋራ አልበም በአንድ አድናቂ ሂሳዊ ጆሮ

መግቢያ

ሁለት ስመ ጥር ከያንያን አንድ የራፕ አልበም በጋራ ሲያወጡ፣ አድማጭ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ማን በለጠ?» የሚል ነው። ልማዱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ራፕ ከጅምሩ የግጥም ፉክክርን ያቀፈ ጥበብ በመሆኑ፣ ጥምረትም እንደ ግጥሚያ ይደመጣል፤ ስንኝ ከስንኝ ይመዘናል፤ አሸናፊና ተሸናፊ ይለያል። ይሁን እንጂ ይህ መለኪያ ስለ ሁለቱ ሰዎች ይነግረን ይሆናል እንጂ ስለ ሥራው የሚነግረን ጥቂት ነው። ሁለት ድንቅ ባለሙያዎችን የያዘ አልበም የጋራ ሥራ ሳይሆን ሊቀር ይችላልና።

ይህ አጭር ጽሑፍ አሜሪካዊው ራፐር ናስ እና ጃማይካዊው የሬጌ ድምፃዊ ዴሚየን ማርሊ በግንቦት 2010 ያወጡትን «ዲስታንት ሬላቲቭስ» («የሩቅ ዘመዳሞች») የተሰኘ አልበም ይመረምራል። የጽሑፉ አቅራቢ የአልበሙ አድናቂ ነው፤ ይህንንም ከመነሻው ማሳወቅ ለአንባቢ ፍርድ ይጠቅማል። መከራከሪያው በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ አልበሙ በርእሱ የሚያውጀው ዝምድና በግጥሙ ከተነገረበት ይልቅ በድምፁ ውስጥ ጎልቶ ይገኛል፤ ዋና ድክመቱም ድምፁ የቆጠረውን ዝምድና ግጥሙ ሳይቆጥር ማለፉ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የአድናቂ ሒስና ወሰኑ

የአድናቂ አስተያየት በጥናት ዓለም ለረጅም ጊዜ ከስሜት መግለጫነት አልፎ አይታይም ነበር። ለዚህ አመለካከት መለወጥ ድርሻ ካበረከቱት ሥራዎች አንዱ አሜሪካዊው የመገናኛ ብዙኃን ተመራማሪ ሄንሪ ጄንኪንስ በ1992 ያሳተመው «ቴክስቹዋል ፖቸርስ» የተሰኘ መጽሐፍ ነው። ጄንኪንስ አድናቂዎች የቀረበላቸውን ተቀብለው ብቻ የሚያልፉ ሳይሆኑ፣ ሥራውን እየመረመሩና እየተረጎሙ ለራሳቸው ጥያቄ የሚያውሉ ንቁ ተቀባዮች መሆናቸውን አሳይቷል። በሙዚቃ ረገድ ይህ አባባል ይበልጥ ይሠራል። አንድን አልበም በየዕለቱ የሚያዳምጥ ሰው፣ ለአንድ ሳምንት ግምገማ ብቻ ከሚሰማው ሐያሲ ይልቅ የድምፁን ጓዳ ያውቃል።

ዕውቀቱ ግን ከሁለት አደጋዎች ጋር ይመጣል። አንደኛው ፍቅር ጉድለትን መሸፈኑ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ደግሞ፣ አድናቂው ያለፈውን ሥራ የአዲሱ ዳኛ ማድረጉ ነው። የናስ አድናቂ በ1994 በወጣው «ኢልማቲክ» ይመዝናል፤ የዴሚየን አድናቂ ደግሞ በ2005 በወጣው «ዌልካም ቱ ጃምሮክ» ይመዝናል። በዚህ አኳኋን የጋራው አልበም ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ቤት ይፈረድበታል እንጂ በራሱ ቤት አይዳኝም። ከዚህ ለመራቅ ይህ ጽሑፍ ሦስት መለኪያዎችን አስቀድሞ ያቆማል፦ ሀ) ሁለቱ ድምፆች በአንድ እስትንፋስ ይገናኛሉ ወይስ በየተራ ይቆማሉ? ለ) የሙዚቃው ቤት የማን ነው? ሐ) ከሌሎች የተወሰዱ ድምፆች እንዴት ተይዘዋል?

2. ሁለት የዝምድና እርከኖች

ናስ በ1973 ተወልዶ በኒው ዮርክ ኩዊንስብሪጅ በተባለው የመንግሥት መኖሪያ መንደር ያደገ፣ አባቱ ኦሉ ዳራም የጃዝ ሙዚቀኛ የሆነ ራፐር ነው። ዴሚየን በ1978 የተወለደ፣ የቦብ ማርሊ የመጨረሻ ወንድ ልጅ ነው። ሁለቱ ከጋራው አልበም አስቀድሞ በ«ዌልካም ቱ ጃምሮክ» ውስጥ «ሮድ ቱ ዛዮን» በተሰኘው ዘፈን ተገናኝተው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣው የጋራ ሥራቸው በአሜሪካ የቢልቦርድ 200 ሠንጠረዥ 5ኛ ሆኖ ገብቷል።

የአልበሙ ርእስ ሁለት ዓይነት ዝምድናን በአንድ ስም ይጠራል። የመጀመሪያው በሬጌና በሂፕ ሆፕ መካከል ያለው ነው። ይህ ዝምድና በስምና በቀን የሚቆጠር ነው። የሂፕ ሆፕ መነሻ ተደርጎ የሚዘከረውን የነሐሴ 11 ቀን 1973 የብሮንክስ ጭፈራ የመራው ዲጄ ኩል ኸርክ በኪንግስተን ተወልዶ በ1967 ወደ ኒው ዮርክ የሄደ ጃማይካዊ ነው። ግዙፍ የድምፅ ማጉያዎችን ተክሎ ሕዝብን ማስጨፈር፣ በምቱ ላይ በቃል ማዜምና ማሞገስ በኪንግስተን ሠፈሮች የታወቀ ልማድ ነበር። እንግዲህ ናስና ዴሚየን በዚህ ረገድ የሩቅ ሳይሆኑ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።

ሁለተኛው እርከን በባርነት ንግድ ወደ አሜሪካና ወደ ካሪቢያን በተጋዙት አፍሪካውያን ልጆችና በአህጉሩ መካከል ያለው ነው። የአልበሙ ስሜታዊ ክብደት ያረፈው በዚህኛው ላይ ነው፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገቢ በአፍሪካ ለትምህርት ቤት ግንባታ እንደሚውል መነገሩም ከዚሁ የመነጨ ነው። ለዴሚየን ደግሞ ይህ አህጉር ባዶ ስም አይደለም። በራስተፈሪያን እምነት ኢትዮጵያ ያላት ቦታ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1966 ወደ ጃማይካ ያደረጉት ጉብኝት፣ በሻሸመኔ የሠፈሩት ማኅበረሰቦች፣ በየካቲት 2005 በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የተከበረው የቦብ ማርሊ 60ኛ ዓመት የልደት ኮንሰርት ሁሉ የማርሊ ቤተሰብ ታሪክ አካላት ናቸው።

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ዝምድና የሚታወቀው በቆጠራ ነው። ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ቆጥሮ የማያደርስ ሰው ዘመድነቱን ቢናገርም እማኝ ያስፈልገዋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂልም የሚያስታውሰን፣ ርቆ የቆየ ዝምድና በስም ብቻ እንደማይጸና፣ መጠያየቅና መተዋወቅ እንደሚፈልግ ነው። የሚከተሉት ክፍሎች አልበሙ በዚህ ሚዛን የት እንደጸና፣ የትስ እንደላላ ያሳያሉ።

3. ቅብብልና ተራ መጠበቅ

በመጀመሪያው መለኪያ የአልበሙ ከፍተኛ ነጥብ መክፈቻው «አዝ ዊ ኤንተር» ነው። በዚህ ሥራ ናስና ዴሚየን ሙሉ አንጓ ይዘው ተራ አይጠብቁም፤ ስንኝ ይቀባበላሉ፤ አንዱ የጀመረውን ሐሳብ ሌላው ይጨርሰዋል፤ ቤት መምቻውን አንዱ ሲተክል ሌላው ይመታዋል። የኒው ዮርኩ ራፕና የኪንግስተኑ አነጋገር በፍጥነት ስለሚፈራረቁ፣ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ጆሮ ማን እንደተናገረ መለየቱን ትቶ አንድ ባለ ሁለት ጉሮሮ ተናጋሪ ይሰማል። «ማን በለጠ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ትርጉም ያጣል።

በቀሩት ዘፈኖች በአብዛኛው ይህ ቅብብል አይደገምም። ዴሚየን ወይም ወንድሙ ስቲቨን አዝማቹን ያዜማል፤ ናስ አንድ አንጓ ይላል፤ ዴሚየን ሌላ አንጓ ይላል። አደረጃጀቱ የተስተካከለ ነው፤ ነገር ግን ጎን ለጎን መቆም ነው እንጂ መቀባበል አይደለም። አድማጩ በመክፈቻው የተሰጠውን ተስፋ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፤ በሙላትም መልሶ አያገኘውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሁለተኛው መለኪያ ነው። አልበሙን በዋናነት ያቀናበሩት ዴሚየንና ስቲቨን ማርሊ ናቸው። ባስ ጊታሩ፣ ከበሮው፣ የአዝማቾቹ ዜማ የማርሊዎች ቤት ጠረን አላቸው። ናስ በዚህ ቤት የተከበረ እንግዳ ነው። አንዳንድ የናስ አድናቂዎች ይህን እንደ ጉድለት ቢያዩትም፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን እንደዚያ አያየውም። ናስ በረጅም ዘመኑ ከሚነቀፍባቸው ነገሮች አንዱ የምት ምርጫው ነው፤ እዚህ ግን ምርጫው የሌላ በመሆኑ ድምፁ በሰፊ ሜዳ ላይ ይራመዳል። ጉድለቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እንግዳው በገባበት ቤት ውስጥ ያሉትን ሌሎች እንግዶች ሳይተዋወቅ መቀመጡ ላይ ነው። ይህም ወደ ሦስተኛው መለኪያ ያደርሰናል።

4. የተወሰዱ ድምፆች አያያዝ

አልበሙ ከአፍሪካ የሙዚቃ ቅጂዎች የተቆረሱ ድምፆችን በሳምፕልነት፣ ማለትም ከቀደመ ቅጂ ቀንሶ በአዲስ ሥራ ውስጥ በማስገባት፣ ይጠቀማል። ሦስቱን ማነጻጸር ይበቃል።

የመጀመሪያው በ«አዝ ዊ ኤንተር» ውስጥ ያለው የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። የዚህ ዜማ ጉዞ ራሱ የዝምድና ቆጠራ ነው። ሙላቱ በ1943 በጅማ ተወለደ፤ በወጣትነቱ ወደ ዌልስ፣ ከዚያም ወደ ለንደን ሄደ፤ ሙዚቃን በለንደንና በቦስተን በርክሊ ተማረ፤ በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙ ሁለት አልበሞችን ቀረጸ። ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አዋሕዶ ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ዘዬ አጸና። ከ1969 እስከ 1974 የተቀረጹ ሥራዎቹ በ1998 በፈረንሳይ በታተመው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 4ኛ ቅጽ ውስጥ ተሰብስበው ወጡ፤ በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ሥራዎቹን ለሰፊው ዓለም አሰማ። ከአምስት ዓመት በኋላ «የግሌ ትዝታ» በናስና በዴሚየን ስንኞች ሥር ተሰማ። ይህ ዜማ እንግዲህ በአንድ ስፍራ ሳይነካ የቆየ «ጥንታዊ የአፍሪካ ድምፅ» አይደለም። ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ የተመለሰ፣ ዳግመኛም የሄደ ዘመድ ነው።

ግጥሙ ግን ይህን ዘመድ አይጠይቀውም። በዜማው ላይ ሁለቱ ሲቀባበሉ የአፍሪካ ሰላምታ የሚለዋወጡት በስዋሂሊ ነው፤ ወዲያውም ጋናን ይጠራሉ። ለአማርኛ ተናጋሪው አድማጭ ይህ ቅጽበት እንግዳ ስሜት ይፈጥራል፤ ከኋላ የሚሰማው የራሱ ሀገር ዜማ ነው፤ ከፊት የሚሰማው ሰላምታ የሌላ ሀገር ነው። የሙላቱን ስም የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ከአልበሙ ጋር በሚወጣው የጽሑፍ መግለጫ እንጂ በስንኞቹ ውስጥ አይደለም። ትዝታ የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆን የማስታወስም ስም መሆኑ፣ የዜማውም ርእስ የግል ማስታወስን የሚያመለክት መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ በ«ፔሸንስ» ውስጥ የሚገኘው የማሊያውያኑ የአማዱና የማርያም «ሳባሊ» ነው። በ2008 የወጣው የዚህ ዘፈን ርእስ በባምባራ ቋንቋ ትዕግሥት ማለት ነው። ናስና ዴሚየን የራሳቸውን ዘፈን «ትዕግሥት» ብለው ሲሰይሙ ርእሱን በመተርጎም ተቀብለውታል፤ የማርያምንም ድምፅ አላጠፉትም፤ ቃሉን እየደጋገመች ከነሱ ጋር ትዘልቃለች። ግጥማቸውም ሰው ዐውቃለሁ የሚለውን ሁሉ በመጠየቅ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ከተወሰደው ድምፅ ጋር ይነጋገራል። በዚህ ጽሑፍ ግምት ከአልበሙ ሁሉ የተሟላው የጋራ ሥራ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ተጋሪዎቹ ሁለት ሳይሆኑ አራት ናቸው።

ሦስተኛው በ«ፍሬንድስ» ውስጥ ያለው የአንጎላዊው የዴቪድ ዜ «ኡንዴንጌ ኡአሚ» ነው። ዴቪድ ዜ በ1977 በሀገሩ በተነሣው የፖለቲካ ግጭት የተገደለ ድምፃዊ ነው። «ፍሬንድስ» የሚናገረው ስለ እውነተኛና ሐሰተኛ ጓደኝነት ነው። በጓዶች መካከል በተነሣ ጠብ ሕይወቱን ያጣ ሰው ድምፅ ስለ ጓደኝነት በሚናገር ዘፈን ሥር መገኘቱ ከባድ ትርጉም ሊሸከም ይችል ነበር። ታሪኩን የማያውቅ አድማጭ ግን የሚሰማው ማራኪ ዜማ ብቻ ነው።

5. ስብከት ሲበዛ

አልበሙ ሲወጣ ከተሰነዘሩበት ትችቶች አንዱ ስብከት ይበዛበታል የሚል ነበር። ትችቱ እውነትነት አለው፤ ምክንያቱ ግን መነገር ያለበት ይመስለናል። ጭብጡ ከባድ መሆኑ አይደለም ችግሩ። ዝርዝር በጠፋ ቁጥር ትምህርቱ ቦታውን መውሰዱ ነው።

ለምሳሌ የሟቹ ዴኒስ ብራውን ድምፅ የሚሰማበት «ላንድ ኦቭ ፕሮሚስ» አፍሪካን በአሜሪካ ከተሞች አምሳል ያስባል፤ ጋና ካሊፎርኒያን፣ ሌጎስ ላስ ቬጋስን ሆነው ይታያሉ። ምስሉ ተጫዋችና ደፋር ነው፤ አድማጭን ፈገግ ያሰኛል። ነገር ግን የአፍሪካን መልካም ነገ የሚለካበት ዘንግ የአሜሪካ ነው። ሌጎስ እንደ ሌጎስ ምን ልትሆን እንደምትችል አይጠየቅም። የመዝጊያው «አፍሪካ መስት ዌክ አፕ» ደግሞ አህጉሩን በአንድ ስም ጠርቶ እንዲነቃ ይጠይቃል። ሞቃዲሾ የተወለደው ኬይናን በዚህና በ«ትራይብስ አት ዎር» ውስጥ መሳተፉ ጥሪውን ከውጭ ብቻ የመጣ እንዳይሆን ያግዛል፤ ቢሆንም ከርቀት የመጣ ዘመድ ወደ ቤት ሲገባ አስቀድሞ የሚጠበቅበት የነዋሪዎቹን ስም መጠየቅ እንጂ እንዲነሡ ማዘዝ አይደለም። ጆስ ስቶንና ሊል ዌይን የተጋበዙበት «ማይ ጀነሬሽን»ም በመልካም ምኞት የተሞላ፣ ነገር ግን የማንም ትውልድ ሊሆን የሚችል ዘፈን ነው።

6. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

በዚህ ሒስ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፤ መቅረቡም ተገቢ ነው። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ማድረስ የሚችለው የትውልድ ሐረጉ ያልተበጠሰበት ሰው ነው። በባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን ስማቸው፣ ቋንቋቸውና የአባቶቻቸው መንደር በግፍ ተነጥቋል። ለልጆቻቸው «ቁጠሩ» ማለት የተዘረፈን ሰው ንብረቱን እንዲያሳይ እንደ መጠየቅ ይሆናል። «አፍሪካ» የሚለው አንድ ስም ከስንፍና የመጣ ሳይሆን ከዚያ ብጥስጥስ የተረፈ ብቸኛ የጋራ ስም ነው። ስዋሂሊውም እንዲሁ ነው፤ በ1966 የተጀመረው የክዋንዛ በዓል ስያሜዎቹን ከስዋሂሊ መውሰዱ እንደሚያሳየው፣ ቋንቋው ለአፍሪካ አሜሪካውያን የአንድ ሀገር ንግግር ሳይሆን የመላው አህጉር ምልክት ሆኖ አገልግሏል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ተቃውሞውን ይቀበላል፤ በመጀመሪያ ማዳመጡ የተሰማውን ቅሬታም እንዲያለዝብ አድርጎታል። ሆኖም ተቃውሞው የሚመለከተው የደምን ቆጠራ ነው። የዜማ ቆጠራ ከዚህ ይለያል። የሸክላ ቅጂ ስም፣ ቦታና ዘመን አለው። ሙላቱ፣ ማርያም፣ ዴቪድ ዜ ማን እንደሆኑ ይታወቃል። በደም ሊቆጠር ያልቻለው ዝምድና በዜማ ሊቆጠር የሚችልበት ዕድል በአልበሙ እጅ ነበር። «ፔሸንስ» ይህን ዕድል ስለተጠቀመ ይልቃል፤ «አዝ ዊ ኤንተር» በቅብብሉ ተወዳዳሪ ባይኖረውም በዚህ ረገድ ያጎድላል። ጉድለቱ የዘመድነት ማጣት ሳይሆን ያለውን ዘመድ አለመጥራት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ንባብ ሁለት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛ፣ የጋራ የራፕ አልበም በተሳታፊዎቹ ብልጫ ሳይሆን በሦስት ጥያቄዎች ቢመዘን የተሻለ ውጤት ይገኛል፦ ድምፆቹ ተቀባብለዋል ወይ? ቤቱ የማን ነው? የተወሰዱት ድምፆች ተናጋሪ ሆነዋል ወይስ ማጀቢያ ብቻ? «ዲስታንት ሬላቲቭስ» በመጀመሪያው ጥያቄ በመክፈቻው ይልቃል፤ በሁለተኛው ጥምረቱ ሚዛኑን ባይጠብቅም ያተርፋል፤ በሦስተኛው ከዘፈን ወደ ዘፈን ይለያያል።

ሁለተኛ፣ የአድናቂ ሒስ ከየት እንደሚሰማ ሲገለጽ ለጥናት የሚጠቅም መረጃ ይሆናል። በኩዊንስ የሚኖር አድናቂ በ«አዝ ዊ ኤንተር» ውስጥ ፈጣን ምት ይሰማል፤ በኪንግስተን የሚኖረው የሠፈሩን አነጋገር ይሰማል፤ በአዲስ አበባ የሚኖረው ደግሞ የሚያውቀውን ዜማ በማያውቀው ሰላምታ ሲጠራ ይሰማል። ሦስቱም የሰሙት ትክክል ነው፤ ሦስተኛው የሰማው ግን ገና በበቂ አልተጻፈም። በሀገራችን የሙዚቃና የሥነ ጽሑፍ ተመራቂ ተማሪዎች፣ ከ«ኢትዮፒክስ» መታተም ወዲህ በሌሎች ሀገራት ራፐሮች ሥራ ውስጥ የገቡትን የኢትዮጵያ ዜማዎች አንድ በአንድ እየተከተሉ፣ በየት በኩል እንደሄዱ፣ በምን ስንኝ ሥር እንዳረፉና ስማቸው እንደተጠራ ወይም እንዳልተጠራ ቢመዘግቡ፣ አልበሙ የጀመረውን ቆጠራ ከዚህኛው ጫፍ ሊቀጥሉት ይችላሉ።